ሸረሪቷ ያልፈጸመችው ጥፋት፦ ከመተማ ቆላ ታሪክ የቀረ አንድ ምዕራፍ



ንግግሬን የምጀምረው ከልጅነት ትዝታ ነው። በክረምት አንድ ልጅ አንገቱ ላይ እንደ ጅራፍ ሰንበር የተጋደመ፣ ውኃ የቋጠረ ቁስል ይዞ ሲነሣ በቤታችን ፍርዱ አንድ ነበር፦ «ሸረሪት ሸንቶበት ነው»። ምስክርም ይግባኝም አልነበረም።

የመተማን ታሪክ የምንጽፈው ከገበያውና ከጦርነቱ ተነሥተን ነው። ይገባልም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 በዚያ አልፏል። የዕፅዋት ሊቁ ጌኦርግ ሽቫይንፉርት በ1865 የአካባቢውን ዕፅዋት ሰብስቧል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው ያረፉት በዚያው ምድር ነው። ከቅጠል ብስባሽ ሥር የሚኖረው ፍጥረት ግን ከታሪካችን ገጽ አልገባም።

ፔደረስ የተባለው የጢንዚዛ ወገን በኢትዮጵያም በሱዳንም ይገኛል። ቀጭን ነው፤ ርዝመቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ራሱ ጥቁር፣ ደረቱ ቀይ ብርቱካናማ፣ አጭሩ የክንፍ ሽፋኑ ሰማያዊ ነው። ቀን በእርጥብ አፈርና በወደቀ ቅጠል ሥር ይውላል፤ ሌሊት መብራት ይስበዋል። አይነክስም፣ አይናደፍም። ቆዳ ላይ ሲጨፈለቅ ግን ከሰውነቱ የሚወጣው መርዝ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቆዳውን ያቆስላል።

በቻይና እ.ኤ.አ. በ739 የተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ይህን መሰል ነፍሳት ጠቅሷል። ፋብሪሲየስ ሳይንሳዊ ስሙን በ1775 ሰጠው፤ የኢጣልያ ተመራማሪዎች መርዙን በ1953 ለዩት። በ2002 ደግሞ መርዙን የሚሠራው በጢንዚዛው ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ መሆኑ ታወቀ። ክሱ ከሸረሪት ወደ ጢንዚዛ፣ ከጢንዚዛም ወደ ባክቴሪያ ዞረ ማለት ነው። «የሸረሪት» የተባለው ቁስል ሁሉ የፔደረስ ነው አልልም፤ በክረምት ሌሊት መብራት ሥር ከተገኘ ሰንበር ጋር ግን መልኩ ይገጥማል።

ይህ ለታሪክ ተማሪ ምን ይረባዋል? ደገኛው የቆላውን ንዳድ ሲፈራ ኖሯል። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህም ካላ አዛር በመተማና በሑመራ የቀን ሠራተኞችን ጎድቷል። ዛሬም ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርደው ወጣት ሜዳ ላይ ያድራል። ሸረሪትን የሚወቅስ ሰው ድር ይጠርጋል፤ አንገቱ ላይ የሚሄደውን ጢንዚዛ ግን በመዳፉ ይደፈጥጠዋል። የሚያውቀው እፍ ብሎ ያራግፈዋል፤ ቆዳውንም በሳሙና ይታጠባል። የስም ስሕተት የሰውነት ቁስል ይሆናል።

ጢንዚዛው ክሽክሽንና የሌሎች ነፍሳትን እንቁላል ስለሚበላ ለገበሬው ወዳጅም ነው። ጫካው ለእርሻ ሲመነጠርና ሣሩ በየበጋው ሲቃጠል፣ የቅጠሉ ምንጣፍ ከነነዋሪው ይጠፋል።

ስለዚህ የቃል ታሪክ ለመሰብሰብ ወደ መተማና ቋራ የምትወርዱ ተማሪዎች ሆይ፣ ሽማግሌዎችን ስለ ዘመቻና ስለ ንግድ ስትጠይቁ ስለ ኩራዙና ስለ ሰንበሩም ጠይቁ። የምድሪቱ ታሪክ ከእግራችን ሥር ያለውንም ይጨምራል።