«መጠነ ቁስ» የሚለው ቃል ያዘለው ግምት



ልጅ ሳለሁ፣ ሳይንስን በአማርኛ በምንማርበት ዘመን፣ መምህራችን ድንጋይ ከፍ አድርገው እያሳዩን «መጠነ ቁስ ማለት በአንድ አካል ውስጥ ያለ የቁስ ብዛት ነው» ብለው አስጻፉን። እፍጋትንም «መጠነ ቁስ ለይዘት ሲካፈል» ብለን ሸመደድን። ቁስ ራሱ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም፤ ድንጋዩ በዓይናችን እየታየ ምን ጥያቄ ይነሣል? ከብዙ ዓመታት በኋላ አንዲት ተማሪዬ ይህንኑ ስትጠይቀኝ «እሱ የፍልስፍና ጉዳይ ነው፤ ወደ ቀመሩ እንመለስ» አልኋት። ዛሬ የምናገረው ያን ጊዜ ልሰጣት ይገባኝ የነበረውን መልስ ነው።

ትርጓሜው የወረደልን ከኒውተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1687 የታተመው ፕሪንኪፒያ የመጀመሪያ ትርጓሜው የቁስ መጠን ነው፤ ይህም ከእፍጋትና ከይዘት በአንድነት የሚገኝ ልኬት ነው ይላል። ኧርንስት ማኽ በ1883 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ነቀፈ፤ እፍጋት ራሱ በመጠነ ቁስ ካልተተረጐመ በምን ይተረጐማል? ነቀፋው የሚያስኬድ ነው። ይሁን እንጂ ኒውተን በልቡ የያዘውን ሥዕል ካሰብን አዙሪቱ ይፈታል፦ ቁስ ሁሉ ከአንድ ዓይነት ጠጣር ቅንጣቶች የተሠራ ከሆነ፣ እፍጋት ማለት ቅንጣቶቹ ምን ያህል ተጠጋግተው ታጭቀዋል ማለት ይሆናል። እንግዲህ ትርጓሜው የቆመው በሙከራ ላይ ሳይሆን በዚህ ሥዕል ላይ ነው።

ሥዕሉስ ከየት መጣ? በ1713 በወጣው ሁለተኛ እትም ውስጥ፣ ሦስተኛው የፍልስፍና ደንብ መንገዱን በግልጽ ያሳያል። የሚዳሰሱ አካላት ጥንካሬ የሚመነጨው ከክፍሎቻቸው ጥንካሬ ነው፤ ስለዚህ ያልተከፋፈሉት ቅንጣቶችም ጠንካሮች ናቸው። ቅንጣቱን ግን ያየው የለም! መምህሬ ያነሡት ድንጋይ እጅግ አንሶ፣ እጅግ ጠንክሮ፣ ከዓይን ወዲያ ተሻገረ፤ ይኸው ነው። በኦፕቲክስ ኋለኛ እትሞች የመጨረሻ ጥያቄ ላይ ደግሞ ኒውተን እግዚአብሔር በመጀመሪያ ቁስን የፈጠረው በጠጣር፣ በጠንካራና በማይሰረጉ ቅንጣቶች ሳይሆን እንደማይቀር ጽፏል።

ችግሩ የሚገለጠው ግጭት ላይ ነው። እኩል መጠነ ቁስ ያላቸው ሁለት ፍጹም ጠንካራ ኳሶች በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ እንበል፤ የፊተኛው ፍጥነት 4፣ የኋለኛው 10። ሲደርስበትና ሳይነጣጠሉ ሲቀጥሉ የሁለቱም ፍጥነት 7 ይሆናል። ፍጹም ጠንካራ አካል አይጨማደድም፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ የሚለወጥበት ጊዜ የለውም። ፊተኛው 5ንና 6ን ሳይረግጥ ከ4 ወደ 7 መዝለል አለበት። ሌይብኒትስ ተፈጥሮ አትዘልም ብሎ ስለሚያምን እንዲህ ያሉትን ቅንጣቶች አልተቀበለም። ኒውተን በበኩሉ ፍጹም ጠንካራ አካላት ሲጋጩ እንቅስቃሴ እንደሚጠፋ አምኖ፣ ጉድለቱን የሚሞሉ ንቁ መርሖች ያስፈልጋሉ አለ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ቅንጣቱን ከመተው የዓለም እንቅስቃሴ እየተመናመነ መሄዱን መቀበል ቀለለው።

ቅንጣቱን የተወው የዱብሮቭኒክ ተወላጅ የሆነው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ቦስኮቪች ነው። በ1758 ቪየና ላይ ባሳተመው ሥራው፣ ቁስ ስፋት የሌላቸው ነጥቦች ስብስብ ነው አለ። ነጥቦቹ በሩቁ ይሳሳባሉ፤ እጅግ ሲቀራረቡ ግን መገፋፋታቸው ያለ ወሰን ስለሚያድግ ፈጽሞ አይነካኩም። ዝላይ ቀረ፤ ከዝላዩ ጋር ግን ድንጋዩም ቀረ። ፋራዴይ በ1844 ወደዚሁ አሳብ አዘንብሎ ነበር።

የጥንታዊው ፊዚክስ ቁስ በ1911 በራዘርፎርድ ኒውክሊየስ ፈረሰ ሲባል የማልስማማው ስለዚህ ነው። ከውስጥ መሰንጠቅ የጀመረው ከዚያ 150 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ቀመሮቹም ቢሆኑ ጠጣር ቅንጣትን አልጠየቁም፤ ኦይለር በ1736 መካኒክን የጀመረው ከነጥብ ነው፤ ያም ሆኖ እሱ ራሱ የቁስ ባሕርይ አለመሰረግ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ማኽ በኒውተን ትርጓሜ ምትክ ያቀረበው የሁለት አካላትን መጠነ ቁስ፣ አንዱ በሌላው ላይ በሚያሳድረው የፍጥነት ለውጥ ማነጻጸርን ነው። ለልኬት ይበቃል፤ ስለ ቁስ ምንነት ግን አንዳች አይናገርም። ክፍል ውስጥ የማስተምረው ይህንኑ የማኽን ነው፤ ሰሌዳው ላይ ግን እስካሁን የምጽፈው «መጠነ ቁስ» ብዬ ነው።