እርጎ በምሽት፦ ከቻራካ እስከ ጋባ

ከካምፓላ መሐል ተነሥቶ በካባላጋላና በካንሳንጋ በኩል የሚወርደው መንገድ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያበቃል፤ ያበቃበትም ሥፍራ ጋባ ይባላል። የከተማዋ ሰው ጋባን የሚያውቀው በዓሣ ገበያውና ለካምፓላ ውሃ በሚያጣራው ተቋም ነው። በዚሁ መንገድ ዳር ሐበሾች ምግብ ቤት ከፍተው እንጀራ ይሸጣሉ። ከምዕራብ ኡጋንዳ በመኪና የሚመጣውን ወተት ሐበሻውም፣ ሕንዳዊውም፣ የአንኮሌው ሰውም ይገዛዋል። ወተቱ አንድ ሆኖ ሳለ መቼ እንደሚቀመስና እንደማይቀመስ የሚወስነው ሥርዓት ግን በየቤቱ ይለያያል።

ከእነዚህ ሥርዓቶች በጽሑፍ የቆየው የሕንዶቹ ነው። የአዩርቬዳ ሕክምና ዋና መጽሐፍ የሆነው ቻራካ ሳምሂታ፣ ሊቃውንት እንደሚገምቱት፣ በክርስቶስ ልደት ዙሪያ ባሉት ምዕተ ዓመታት የተጠናቀረ ነው። በዚህ መጽሐፍ እርጎን በሌሊት መብላት ተከልክሏል። በ7ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ የኖረው ቫግባታም ክልከላውን ደግሞታል። ነገሩ ግን በምሽት ብቻ አያበቃም። እርጎ በእሳት ሞቆ አይበላም፤ ያለ ቅቤ ወይም ስኳር ወይም ማር ወይም የማሾ ሾርባ ባዶውን አይቀርብም፤ በጸደይ፣ በበጋና በመጸው ወራትም ባይበላ ይመረጣል። ምክንያታቸው እርጎ ከባድና የሚያጣብቅ ነው፣ ካፋ የተባለውን አክታ መሰል ባሕርይ ያበዛል፣ የሰውነትንም መተላለፊያ ይዘጋል የሚል ነው። ይልቁንም የሚያስገርመው እርጎን ከሚያሞቁ ምግቦች መቁጠራቸው ነው። የወጥ ቃጠሎ በእርጎ የሚያበርደው ሐበሻ ይህን ሲሰማ መደነቁ አይቀርም።

እዚህ ላይ የትርጉም ሥራ የለመደ ሰው ሳይጠቁመው የማያልፈው ነገር አለ። የሳንስክሪቱ ቃል ዳዲ ነው፤ የረጋ ወተት፣ የእኛው እርጎ ማለት ነው። በሕንድ እንግሊዝኛ ከርድ ይሉታል። ይኸው ቃል በእንግሊዞቹ ዘንድ አይብ ለመሥራት ከአጓቱ የተለየውን የወተት ጓል ያመለክታል። መዝገበ ቃላት ብቻ አይቶ ከርድን አይብ ብሎ የሚተረጉም ሰው ክልከላውን ከእርጎው ላይ አንሥቶ መጽሐፉ ባላሰበው ምግብ ላይ ይጭነዋል። በአንጻሩ ታክራ የሚሉት፣ እርጎ ተንጦ ቅቤው ሲወጣለት የሚቀረው፣ ከአሬራ ሌላ ሊሆን አይችልም። እሱን ደግሞ መጻሕፍቱ አብዝተው ያመሰግኑታል፤ ለሆድ ሕመምና ለኪንታሮት ያዙታል። ቅቤውን ለገበያ አውጥተን አሬራውን እንደ ትራፊ ለምናይ ለእኛ ይህ ጥሩ ትምህርት ነው።

ይህ የምግብ ሕግ ወደ ኡጋንዳ የመጣው ከሰዎቹ ጋር ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1901 ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጉ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ከሕንድ አስመጥተው ነበር። አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በኡጋንዳ የሰፈሩት በብዛት በራሳቸው መንገድ የመጡ የጉጅራትና የፑንጃብ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኢዲ አሚን በ90 ቀን ውስጥ አገር ልቀቁ አላቸው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ከፊሎቹ ተመልሰዋል።

አሁን ሕጉን ጋባ ላይ እናስቀምጠው። ጋባ ከምድር ወገብ አጠገብ ናት፤ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ የቻራካ ጸደይና መጸው እዚህ የሉም፤ ያሉት ሁለት የዝናብ ወራትና በመካከላቸው ያለው ደረቅ ጊዜ ናቸው። ስለዚህ የወቅቱ ክልከላ ሥር የሚሰድበት መሬት አጥቷል፤ የሌሊቱ ግን የትም ይሄዳል። በሕንድ ራሱም ቢሆን ሁሉም አይጠብቀውም፤ በደቡብ ሕንድ ሩዝ በእርጎ ለራት የሚበላበት ቤት ብዙ ነው። ዘመናዊው ሕክምናም እርጎ በሌሊት ለማንም ይጎዳል የሚል መደምደሚያ የለውም። ለእኔ ሕጉ ተገቢ የሚመስለኝ፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ሞቃት አገር የጠዋት እርጎ እስከ ማታ ምን ያህል እንደሚኮመጥጥ ሳስብ ነው።

የእኛው ሥርዓት ከሰዓት ይልቅ ዕለትን ይከተላል። ረቡዕና ዓርብ፣ ከበዓለ ሃምሳ በቀር፣ ወተትና ቅቤ አይቀመስም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ጿሚው እህል ውሃ ይቀምሳል፤ እርጎው ግን ለማግሥቱ ይቆያል። ይህ ሥርዓት የአየር ጠባይ አይጠይቅም፤ ጎንደርም ጋባም ረቡዕ ረቡዕ ነው።

ወተቱ የሚመጣበት የአንኮሌ አገር ደግሞ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ሚሲዮናዊው ጆን ሮስኮ እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ እንደመዘገበው፣ የባሂማ ከብት አርቢ የእህል ምግብ ከበላ ሳይቆይ ወተት አይጠጣም ነበር። ይፈራ የነበረውም ለገዛ ሆዱ አልነበረም፤ ሁለቱ በሆዱ ውስጥ ቢገናኙ ላሚቱ ትታመማለች ብሎ ነበር።