ገበጣና የጨዋታ ፕሮግራም፦ ለጀማሪዎች የቀረበ የታሪክ ንግግር

ገበጣ የሚያውቅ የፎገራ ልጅ የኮምፒውተር ጨዋታ መሥራትን ሲማር ከባዶ አይነሣም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት የአገራችንን የገበጣ ዓይነቶች ከነሕጋቸው መዝግበዋል። አያቶቻችን ፕሮግራም ጸሐፊዎች ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ የአስተሳሰቡ ሥርዓት ግን አንድ ነው። በየጉድጓዱ ያለው የጠጠር ብዛት ‹ተለዋዋጭ› ነው። ጠጠሩ ከእጅ እስኪያልቅ አንድ አንድ እያሉ መዝራት ‹ሉፕ›፣ የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ቢያርፍ ተራው ይለፍ ማለት ‹ኢፍ› ነው።

መሰናክሉ ፊደል ነበር። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ደግሞ ለተለዋዋጮች በፊደላችን ስም ማውጣትን ፈቀደ። ዛሬ ወረታ ላይ የተቀመጠ ጀማሪ «ጠጠር = 4» ብሎ ቢጽፍ ማሽኑ ይቀበለዋል። ‹ኢፍ› ግን እስካሁን እንግሊዝኛ ነው።