ራስ የማይሸነፉበት ሰንጠረዥ

ዱስ ላይ የካራ ወጣት ገላውን በነጭ አፈር አስውቦ ለቱሪስት ሲቆም ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ካሜራው ከተነሳ ይከፈላል። ከዚያ መንደር መጥቶ ጂንካ የሚማር አንድ ልጅ ቼዝ ሳሳየው መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ፈረሱ አካሄድ አልነበረም። «ቲቸር፣ ጨዋታው የማነው? ለማን ነው የሚከፈለው?» አለኝ።

የልጅ ጥያቄ ነው ብዬ አላለፍኩትም። አሜሪካ ውስጥ «ጎቲክ ቼዝ» የሚባል ባለ 80 ካሬ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2002 ፓተንት አግኝቶ ነበር። የተጨመሩት ጠጠሮች ግን የቼዝ ሻምፒዮኑ ካፓብላንካ በ1920ዎቹ ካቀረበው ጨዋታ የሚታወቁ ናቸው፤ አዲሱ ነገር አደራደራቸው ነው። አደራደሩን ትንሽ ያዛነፈ ደግሞ «ይሄ የኔ ነው» ማለት ይችላል። ፓተንቱም ብዙ አልቆየም፣ በ2006 ወደቀ።

የኛ የድሮው ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ግን ፈጣሪው ነኝ ባይ አልነበረውም። ደንቡን ይዞ የኖረው ተመልካቹ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ሕንጣሎ ላይ የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቷል። ጠጠሮቹ ትልልቅ፣ ሸካራ የዝሆን ጥርስ ናቸው፤ የተበላውን በኃይል መትተው ነው ከቦታው የሚያነሱት። ጫጫታው አይጣል ነው። ዙሪያውን ያለ ሁሉ፣ ባሪያው ሳይቀር፣ ጠጠር እያነሳ የተሻለውን መንገድ ያሳያል። በዚያ ግቢ በሌላ ጉዳይ እንዲህ ያለ ነፃነት የነበረ አይመስለኝም። ሶልት ግን ሌላም ታዝቧል፦ ያ ሁሉ ክርክር አልፎ፣ ራስ እያንዳንዱን ጨዋታ እንዲያሸንፉ በብልሃት ይደረግ ነበር።

ደንቡም ያለ ዳኛ የሚሄድ አልነበረም። ጨዋታው በ«ወረራ» ይጀመራል፤ ተራ መጠበቅ የለም፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም እጃቸው በቻለው ፍጥነት ያሰልፋሉ። ድልም ደረጃ አለው። ንጉሡን በደር (በሩክ) መግደል ብዙ አያስመሰግንም፣ በፈረስም ያው ነው። በፊል (በዝሆኑ) ወይም በንግሥቷ ቦታ በሚቆመው ፈርዝ ሲሆን ይደነቃል፤ ተራው መደቅ (ወታደር) የገደለው እንደሆነ ደግሞ ወሬው ከግቢ ይወጣል። ይህን ክብር የትኛው የፓተንት ጽሕፈት ቤት ይመዘግበዋል?

ተማሪዎቼን በወረራ ሳስጀምር ማን ቀድሞ እንደበላ አልስማማ እያሉ ስላስቸገሩኝ፣ አሁን አንዱ ፊሽካ ይዞ ይቆማል። ተመልካች ምክር እንዳይሰጥ አልከለከልኩም፤ የከለከልኩት ጠጠር መንካትን ብቻ ነው።