የአሽከርካሪ አልባ ተሽከርካሪዎች የመንገድ ላይ ሙከራ

የአሽከርካሪ አልባ ተሽከርካሪዎች የመንገድ ላይ ሙከራ ራሳቸውን የሚነዱ፣ ከርቀት የሚነዱ ወይም እርስ በርሳቸው መረጃ የሚለዋወጡ ተሽከርካሪዎችን በሚሠሩበት እውነተኛ ሁኔታ መፈተን ነው። ሙከራው አብዛኛውን ጊዜ በኮምፒውተር ተጀምሮ ወደ ዝግ ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ክፍት መንገድ ይሸጋገራል።

ታሪክ

በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 በአን አርበር ከተማ ወደ 2,800 የሚጠጉ ተሽከርካሪዎችን በሬዲዮ አገናኝቶ መሞከር ጀመረ። በ2015 ደግሞ ኤምሲቲ የተባለውን የሙከራ ሜዳ ከፈተ። ክፍት መንገድ ግን አደጋ አለው። በመጋቢት 2018 (እ.ኤ.አ.) የኡበር የሙከራ መኪና በአሪዞና ግዛት ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ እግረኛ ገጭታ ገድላለች። በመኪናዋ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሰው ነበር።

በጎርፍ አካባቢ

በአስፋልት ላይ የተፈተነ ተሽከርካሪ በጭቃ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ሥርዓቶች የመንገድ ቀለምንና ትክክለኛ ካርታን ይከተላሉ፤ በጋምቤላ ክልል የጠጠርና የአፈር መንገዶች ላይ ግን ቀለም የለም፣ በክረምትም መንገዱ ራሱ በውኃ ሊሸፈን ይችላል። በዚሁ ክልል የሚገኘው የትየርኪዲ መጠለያ እ.ኤ.አ. በ2014 ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች ተከፈተ። በዚያው ዓመት ሌይቾር የተባለው ሌላ መጠለያ በጎርፍ በመጥለቅለቁ ነዋሪዎቹ ኋላ ወደ ጀዊ ተዛውረዋል።

ለእንዲህ ያለ ቦታ የቀረበው ምሳሌ «አሄድ» የተባለው ፕሮጀክት ነው። የጀርመን የአየርና የህዋ ምርምር ማዕከል ከዓለም የምግብ ፕሮግራም ጋር በመሆን ሸርፕ የተባለውን፣ በትላልቅ ጎማዎቹ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ተሽከርካሪ ከርቀት ለመንዳት ሠርቷል። በደቡብ ሱዳን ሸርፕ ለእርዳታ ማድረሻ ያገለግላል። የፕሮጀክቱ ዓላማ በጎርፍና በግጭት አካባቢ የሾፌሩን ሕይወት ከአደጋ ማራቅ ሲሆን፣ ነጂው ከተሽከርካሪው ርቆ በካሜራ ምስል እየተመራ ይነዳል።

ዋና ችግር

ትልቁ ፈተና የግንኙነት መዘግየት ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ በግማሽ ሰከንድ ወደ 3 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከፍ ብሎ በሚዞር ሳተላይት ምስል መጥቶ ትእዛዝ እስኪመለስ ይህን ያህል ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ተሽከርካሪው ግንኙነቱ ሲቋረጥ በራሱ መቆም መቻል አለበት፤ ይህም የሚረጋገጠው ሊሠራበት በታሰበው መሬት ላይ ሲሞከር ነው።