ወፎቹ የት ከረሙ?

በእኛ አገር «ክረምት» ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ዝናብ፣ ጭቃና የተዘጋ ትምህርት ቤት ነው። አውሮፓ በረዶ ሲወርድባት ግን እኛ በጋ ላይ ነን። የሐዋሳ ጥር ሌሊቱ ቀዝቀዝ፣ ቀኑ ሞቅ ያለ ነው። በዚህ ወቅት ከጉዱማሌ ወደ ሐይቁ ዳርቻ ወረድ ያለ ሰው ዓመቱን ሙሉ ከማይጠፉት አባ ኮዳዎችና ጉሬዛዎች ሌላ እንግዶችም ያያል። ማንቁሩ አካፋ የመሰለ ዳክዬ፣ ጭራዋን ያለ ዕረፍት የምታወዛውዝ ትንሽ ቢጫ ወፍ... የፈረንጆቹን ክረምት ሸሽተው እዚህ የሚከርሙ ናቸው። (ያለ ፓስፖርትና ቪዛ!)

ይህ ለእኛ ተራ ነገር ነው። ለአውሮፓውያን ግን ለዘመናት እንቆቅልሽ ነበር። አርስቶትልን የሚያህል ፈላስፋ እንኳ አንዳንድ ወፎች በብርድ ወራት ጉድጓድ ገብተው ያንቀላፋሉ ብሎ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1822 ጀርመን ውስጥ አንድ ሽመላ ተገደለ። አንገቱ ላይ ከመካከለኛው አፍሪካ የመጣ የእንጨት ጦር ተሰክቶበት ነበር! ያ ወፍ ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ ሞርተንሰን የሚባል የዴንማርክ መምህር በወፎች እግር ላይ ቁጥር ያለው የአሉሚኒየም ቀለበት ማሰር ጀመረ። ግምቱ ወደ ማስረጃ የተለወጠው እንዲህ ነው።

እስቲ ልብ በሉ፤ እነሱ «የት ገቡ?» እያሉ ሲከራከሩ ወፎቹ ከእኛ ሰው ዓይን ፊት ነበሩ። የጎደለው ተመልካች ሳይሆን መዝጋቢ ነው።

የእኛን ወፎች በብዛት የመዘገቡልን እንግዶች ናቸው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል በ1830ዎቹ ሰሜን ኢትዮጵያ ድረስ መጥቶ የሰበሰባቸው ወፎች ፍራንክፈርት ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመውን የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝር ያዘጋጁትም ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን ናቸው። በእርግጥ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እዚሁ ተመሥርቷል። እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራም በየዓመቱ ጥር ላይ ይካሄዳል።

«እኛ መመልከት አናውቅም» የሚል ካለ ግን ጉዱማሌ መልስ አላት። የፍቼ ጨምበላላ በዓል የሚከበረው እዚህ ነው። የበዓሉን ቀን የሚወስኑት አያንቶዎች የከዋክብትን ጉዞ ተከታትለው ነው። በበዓሉ ላይ ሽማግሌዎች አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ ይመክራሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓሉን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። እንግዲህ ሰማይን በትዕግሥት የማንበብ ልማድ ለዚህ አካባቢ ባዕድ አይደለም።

ታዲያ ምን ቸገረን? የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ከከተማው የሚገባበት ቆሻሻ ጠርጎ የሚወስደው የለም፤ እዚያው ይከርማል። የሐይቁ ጤና ሲቃወስ ደግሞ አስቀድመው የሚቀሩት እንግዶቹ ሊሆኑ ይችላሉ። መቅረታቸውን የምናውቀው ግን አምና ስንት እንደነበሩ የጻፈ ሰው ካለ ብቻ ነው። ያልተቆጠረ ወፍ ቢጠፋ ማን ይፈልገዋል?

በየኪሳችን ካሜራ ይዘን ነው የምንዞረው። አባ ኮዳ አጠገብ ቆመን የምንነሳውን ፎቶ ያህል እንኳ ቀኑን፣ ቦታውንና ቁጥሩን ብንጽፍ ለሚቀጥለው ትውልድ ታሪክ ነው። ጦር የተሰካበት ሽመላ እስኪመጣልን መጠበቅ የለብንም።