ያገለገለ ዲስክና የተቀዳ ዲስክ፦ የገዢና የሠሪ ክርክር ከሸክላ ዘመን እስከ ፕሌይስቴሽን ቤት

(ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



«ልዋጭ!» እያለ በየሰፈራችን የሚዞረውን ነጋዴ የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ ሳህን ወይም ብርጭቆ ይሰጣል። ሸሚዙን የሰፋው ሰው «ከልዋጩ ላይ ድርሻ አለኝ» ብሎ ሲከራከር ግን ሰምተን አናውቅም። ዕቃ አንድ ጊዜ ከተሸጠ የገዢው ነው። ገዢው ሊሸጠው፣ ሊለውጠው፣ ሊያወርሰው ይችላል።

ይህ ቀላል ሐሳብ ዘፈን፣ መጽሐፍና የቪዲዮ ጨዋታ ላይ ሲደርስ ይከብዳል። ሸሚዝ በመለበስ ያልቃል። ዲስክ ላይ ያለ ጨዋታ ግን ሁለተኛ እጅ ሲገባም ያው ጨዋታ ነው። ስለዚህ ያገለገለው ዕቃ ከአዲሱ ጋር በእኩል ጉልበት ይወዳደራል። የዛሬው ንግግሬ ይህ ውድድር በሌላው ዓለም ምን እንዳስከተለ፣ በእኛ ዘንድ ደግሞ ለምን ሌላ መልክ እንደያዘ ይመረምራል።

ክርክሩ ከቪዲዮ ጨዋታ ይቀድማል። አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ «ይህን መጽሐፍ ከ1 ዶላር በታች መሸጥ ክልክል ነው» የሚል ማሳሰቢያ በመጽሐፉ ላይ አሳተመ። አንድ ትልቅ መደብር መጽሐፉን በ89 ሳንቲም ሲሸጥ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1908 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አሳታሚው መጽሐፉን አንድ ጊዜ ከሸጠ በኋላ በቀጣዩ ሽያጭ ላይ ዋጋ ሊወስን አይችልም ሲል ፈረደ። በ2002 (እ.ኤ.አ.) የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያገለገሉ የቪዲዮ ጨዋታዎችን መሸጥ ሕጋዊ ነው ብሎ በሱቆቹ በኩል ቆመ። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ማይክሮሶፍት «ኤክስቦክስ ዋን» የተባለውን መጫወቻ ሲያስተዋውቅ በዳግም ሽያጭ ላይ ገደብ ለመጣል ሞከረ፤ የተጫዋቾች ቁጣ ስለበረታ በዚያው ዓመት ሐሳቡን ለወጠ።

የሁለቱም ወገን ክርክር ሚዛን አለው። ሠሪው «ሱቁ አንዱን ዲስክ አራት ጊዜ ሲሸጥ አራት ጊዜ ያተርፋል፤ እኔ ግን የተከፈለኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ይላል። ገዢው በበኩሉ «ነገ እንደምሸጠው ባላውቅ ኖሮ አዲሱን በዚያ ዋጋ አልገዛውም ነበር፤ ከአሮጌው ያገኘሁትንም ገንዘብ ለሌላ አዲስ ጨዋታ አውለዋለሁ» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩን ያቀዘቀዘው ግን የኢንተርኔት ሽያጭ ነው። ዛሬ በኢንተርኔት የሚወርድ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ሰው አይሸጥም። ሠሪው በፍርድ ቤት ያጣውን በቴክኖሎጂ አገኘው፤ ገዢው ደግሞ የገዛውን ዕቃ የመሸጥ ነፃነቱን አጣ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተም ሥልጣን የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ጊዜ ደፍሮ የራሱን ሸክላ አወጣ። የዚያ ዘመን ሸክላዎች ዛሬ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ በውድ ዋጋ ይሸጣሉ። ከዚያ ሽያጭ ድምፃዊውም፣ ገጣሚውም፣ መሣሪያ ተጫዋቹም የሚደርሳቸው ነገር የለም። እስከዚህ ድረስ ታሪካችን ከጃፓኑና ከአሜሪካው ጋር ይመሳሰላል።

ልዩነቱ የመጣው ከካሴት ጋር ነው። ሸክላ በቤት ውስጥ አይታተምም፤ ካሴት ግን ሁለት ቴፕ ያለው ሰው ሁሉ ይቀዳዋል። አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከእኛው ከወሎ ምድር ነው። እነዚህን ቅኝቶች ያዜሙ ድምፃውያን ሥራ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀዳ ዝናቸው በአገሩ ተሰማ፤ ገቢያቸው ግን በአብዛኛው ሙዚቃ ቤቱ በአንድ ጊዜ የቆረጠላቸው ክፍያ ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ያገለገለ ካሴት ሲሸጥ አንዱ ሲያገኝ ሌላው ያጣል፤ የካሴቱ ቁጥር ግን አይጨምርም። ካሴት ሲቀዳ ግን የመጀመሪያው ባለቤትም አያጣም፣ አዲሱም ያገኛል፤ ያልተከፈለው ሠሪው ብቻ ነው።

የፕሌይስቴሽን ቤቶች የወረሱት ይህን የኋለኛውን ልማድ ነው። ከጆተኒና ከፑል ቤት ቀጥሎ በየከተማችን የተስፋፉት እነዚህ ቤቶች ለብዙ ወጣት የመጀመሪያውን የቪዲዮ ጨዋታ አሳይተዋል። መጫወቻው ብዙ ጊዜ ያገለገለ፣ የኳስ ጨዋታው ዲስክ ደግሞ የተቀዳ ነበር። ማሽኑን ለብቻው መግዛት የማይችል ልጅ በጨዋታ ጥቂት ብር እየከፈለ ይጫወት ነበር። ይህን ልጅ ሌባ ብሎ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በአቅሙ የሚገዛው ሕጋዊ ቅጂ በከተማው አልነበረምና።

ሕጋችንስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን በሽያጭም ሆነ በኪራይ የማሰራጨትን መብት ለሠሪው ሰጠ። ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ የሮያሊቲ ክፍያን የሚሰበስብ የጋራ አስተዳደር እንዲቋቋም መንገድ ከፈተ። ሆኖም ፕሌይስቴሽን ቤቶች በተስፋፉበት ዘመን አገራችን የበርን ስምምነት አባል ስላልነበረች፣ ለውጭ አገር ጨዋታ የሚቆም ጠያቂ በተግባር አልነበረም።

«የውጭ ኩባንያ ቢከስር ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጉዳቱ ዞሮ ወደ እኛ ስለሚመጣ ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮ ያለችበትን «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ አወጣ። ለኢትዮጵያዊ ጨዋታ ሠሪ ተወዳዳሪው ያገለገለ ዲስክ አይደለም። ተወዳዳሪው ሚሊዮኖች የፈሰሱበት፣ በእኛ ገበያ ግን በነፃ የሚቀዳ የባዕድ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ዋጋ የለውም ብሎ ያደገ ተጠቃሚ፣ የኮምቦልቻ ተማሪ ነገ ለሚሠራው ጨዋታም ለመክፈል ይቸገራል።

ስለዚህ የታሪኩ ትምህርት ሁለቱን ነገሮች እንድንለይ ነው። ያገለገለ ዕቃ መሸጥ የድሃው ገዢ መብት ነው፤ ልዋጩን እንደምናከብር ይህንንም ልናከብር ይገባል። ያለ ፈቃድ ማባዛት ግን ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ አድርገን ከከለከልን ገዢውን እንበድላለን፤ ሁለቱን አንድ አድርገን ከፈቀድን ደግሞ ከመካከላችን ሊወጣ የሚችለውን ሠሪ ገና ሳይጀምር እናስቆመዋለን።